በመዝገብ ያልሰፈረችው የሆስፒታል ጸሎት ቤት

ለሐረሪ ክልል ባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ
ሐረር

ጉዳዩ፦ በአንድ ነባር የሆስፒታል ግቢ ውስጥ የምትገኘው ጸሎት ቤት ተጠንታ በቅርስነት እንድትመዘገብ ስለመጠየቅ

በነርስነት ካገለገልሁበት ሆስፒታል በጡረታ ስሰናበት፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ክሊራንስ ለማግኘት በእጄ ያለውን ንብረት ማስረከብ ነበረብኝ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የደም ግፊት መለኪያውን፣ መቀሶቹን፣ የቁስል ማጠቢያ ሳህኖቹንና የመሳቢያዬን ቁልፍ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከረ ከተረከበኝ በኋላ፣ መዳፌን የሚያህል የቆየ የብረት ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። የምን ቁልፍ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የጸሎት ቤቷ እንደሆነ ነገርሁት። መዝገቡን ከፊት እስከ ኋላ ገልጦ ሲያበቃ፣ አልጋዎቹ፣ ባልዲዎቹ፣ የተሰበሩት ወንበሮች እንኳ ተጽፈው ሳለ ጸሎት ቤቷ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ እንደሌለች፣ በመዝገብ የሌለ ቤት ቁልፍ መረከብም እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። በደንቡ መሠረት ልክ ነበር። ቁልፉ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ነው፤ ይህን ደብዳቤ ለክቡር ቢሮአችሁና ለከተማዬ ሕዝብ በግልጽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

የሆስፒታሉን ስም እዚህ ላይ አልጠራሁም፤ ዓላማዬ ማንንም መክሰስ ስላልሆነ ነው። ትክክለኛውን አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በማቀርበው ማመልከቻ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የሐረር ሰው ደግሞ ከሚቀጥለው ገለጻ በመነሣት ግቢውን ለማወቅ የሚቸገር አይመስለኝም።

ጸሎት ቤቷ አሮጌዋን ከተማ ከሚከብበው ከጁገል ግንብ ውጭ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተለይተው ይታከሙበት ከነበረው ዘመን ተርፋ የቀረች ትንሽ ቤት ናት። ርዝመቷ አሥራ አራት፣ ስፋቷ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳዋ በጭቃ ተያይዞ በኖራ የተለሰነ የአካባቢያችን ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ በሩቁ ለሚያያት መጋዘን ትመስላለች፤ ለብዙ ዓመታትም የአሮጌ አልጋዎች መከማቻ ሆና ቆይታለች። ቀረብ ብሎ የሚያያት ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። በሯ ከቤቷ መጠን ጋር የማይመጣጠን ሰፊ ነው፤ ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች ሳይጋፉ ይገቡበታል። መግቢያዋ ላይ አንድም ደረጃ የለም፤ በደረጃው ቦታ ድንጋዩ ለስለስ ብሎ ተዳፋት ሆኖ ተነጥፏል፤ የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ስለሚያጠፋ የታመመው ሰው የሚረግጠውን ደረጃ አያውቀውም፣ ተሰናክሎ ከወደቀም ቁስሉ ሳይታወቀው ይመረቅዛልና። ከበሩ እስከ መንበሩ ድረስ በሁለቱም ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም የወይራ እንጨት ተጋድሟል፤ ከፍታው በመዳፍ ለሚጨብጠው ሰው ሳይሆን ጣቶቹን አጥቶ በክንዱ ለሚደገፈው የተለካ ነው። እንጨቱ በብዙ ሺህ ክንዶች ተዳስሶ እንደ ቀንድ ሆኗል። አግዳሚ ወንበሮቹ ሁለት ዓይነት ቁመት አላቸው፤ ከፍ ያሉት ጉልበታቸውን ማጠፍ ለማይችሉ ናቸው።

በምሥራቅ በኩል ከውጭ ግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የድንጋይ መደብ አለ፤ ከመደቡ በላይ ያለው መስኮት ከሌሎቹ መስኮቶች ዝቅ ብሎ የተከፈተ ነው። ቁስላቸው ያልደረቀ ሕሙማን ውስጥ ከሚሰበሰበው ሰው ሳይቀላቀሉ ጸሎቱን የሚሰሙት እዚያ ተቀምጠው ነበር። ከመንበሩ ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ ሁለት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ በጁገል ውስጥ ጌ ጋር ወደሚባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ሲያያቸው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ የእጁ ሥራ ሐረሬ ነውና። ደወሏ ደግሞ ደወል አይደለችም፤ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል፤ ድምፁም ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

ይህን ያህል በዝርዝር የጻፍሁት ቅርስነቷ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። በሐረር ከእሷ የሚያረጁ፣ ከእሷ የሚያምሩ ቤቶች እጅግ ብዙ ናቸው። የሕሙማንን አካል እያንዳንዱን ጉድለት አውቆ በድንጋይና በእንጨት የተቀበለ ሌላ ሕንጻ ግን በከተማችን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ በአገራችን ሲነገር አዲስ አበባ ቀድማ ትጠራለች፤ ሐረር ግን ከመጀመሪያዎቹ በሮች አንዷ ነበረች። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በራስ መኰንን አስተዳደር ሥር ስትውል የባሕር በር መንገዱ በእሷ በኩል ያልፍ ስለነበር ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ ሚሲዮናዊውም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ከአዲስ አበባ በተጨማሪ በሐረርም ሕሙማንን አክሟል። ራስ መኰንን በከተማዋ ሆስፒታል አቋቁመው ከጓድሎፕ ደሴት የተገኙት ዶክተር ቪታሊያን ሠርተውበታል፤ እኚሁ ሐኪም በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሆኑት ለልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ ማስተማር የጀመሩ ናቸው። የካፑቺን ሚሲዮናውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ መሠረቱ። የከተማው ሰው አባ እንድርያስ እያለ የሚጠራቸው ጳጳስ እንድርያስ ዣሮሶ በዚህች ከተማ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ1941 በፈረንሳይ አርፈዋል። ገንደ ፌሮን የሚባለው ሰፈር የሕሙማኑና የቤተሰቦቻቸው ሰፈር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስሙ የአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም እንደሆነ ይነግሩናል። ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የቢሲዲሞን ሆስፒታል የጀርመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያቋቁም፣ ሐረር በዚህ ሕመም ዙሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ልምድ ነበራት።

የበሽታውን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶታል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች በጥምረት እንዲሰጡ እ.ኤ.አ. በ1981 እስከመከረበት ጊዜ ድረስ ታማሚው በግቢ ውስጥ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልኩን ይኖር ነበር። ዛሬ ሕክምናው በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ያበቃል፤ ታማሚውም ክኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግቢዎቹ ባዶ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም ጸሎት ቤት የተዘጋችው መድኃኒት ስለተገኘ ነው፤ በነርስነቴ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ የመዘጋት ምክንያት አላውቅም። ይሁን እንጂ ሰው ተፈውሶ የወጣበት ቤት መሆኑ እንዲፈርስ ምክንያት ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም።

እናቴ በ1950ዎቹ ከጉርሱም ገጠር ወደዚህ ግቢ ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። ባሏ ቤት ለብቻዋ በተለየ ዋንጫ ውሃ ሲሰጣት ከከረመች በኋላ አንድ ቀን ከብቶች ከሚያድሩበት በረት ጎን መኝታ ተነጠፈላት፤ በማግስቱ በእግሯ መንገድ ጀመረች። እኔ የተወለድሁት ተፈውሳ እዚያው ግቢ ባገባች ጊዜ ነው። ጸሎት ቤቷን የምትጠርገውና ቁልፉን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ቁልፉ ወደ እኔ የመጣው ከእሷ ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ጥቅምት 14 ቀን ገብረ ክርስቶስን ሳትዘክር ቀርታ አታውቅም፤ ጸሎት ቤቷ ግን የካቶሊክ ናት። ሐዲዱን የሚመቱት አዛውንት ከባቢሌ በኩል የመጡ ሙስሊም ነበሩ፤ ጸሎቱ ሲጀመር ደውለው እሳቸው በውጭው መደብ ላይ ተቀምጠው በመቁጠሪያቸው ዚክራቸውን ያደርጉ ነበር። በረመዳን ሲስተሮቹ የማፍጠሪያውን ሰዓት በዚሁ ሐዲድ እንዲመታ ፈቅደው ነበር። ይህን ስጽፍ ያለፈውን ዘመን ለማሳመር አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ጠብም፣ ረኃብም፣ የልጆች ለቅሶም ነበር። ከውጭ ማንም የማይጨብጣቸው ሰዎች ግን እዚህ ቤት ውስጥ አንዱ በሌላው ክንድ ተደግፎ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰው ሲሞትም ሬሳው የሚያድረው እዚያው ነበር። የመጣበት ዘመድ ስለሌለ ለቀስተኛው የግቢው ሰው ሁሉ ነው፤ ሙስሊሙ ሲሞት ወደ መካነ መቃብሩ ሲሸኝ በዚያ ሰፊ በር ይወጣ የነበረውም በዚያው ቃሬዛ ነው። ከጸሎት ቤቷ ጀርባ ስም የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች አሉ። እነሱም በአንድነት እንዲታዩልኝ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ዓመት የተወሰኑት ለአጥር መሠረት ተነሥተዋል።

ቁልፉን ይዤ ያልሄድሁበት ደጅ የለም። አንዱ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የሃይማኖት ነው ብሎ ወደ ሌላው ሰደደኝ፤ ሁለተኛው መሬቱ የጤና ተቋም ስለሆነ እንደማይመለከተው ነገረኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ ቤቷ ከግንቡ ውጭ ስለሆነች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ክልል ውስጥ እንደማትገባ አስረዳኝ። የመጨረሻው መልስ በራሱ እውነት ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሐረር ጁገል አርባ ስምንት ሄክታር ያህል የሚሆነው ግንብ የከበበው ከተማ ነው፤ 82 መስጊዶቹ፣ 102 የአውልያ ዝያራ ስፍራዎቹ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብና በሮቹ በሙሉ የሚኮራባቸው ናቸው፤ እኔም በእነሱ የምኮራ የሐረር ልጅ ነኝ። ነገር ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ከግንቡ ውጭ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሕሙማኑ ከበሩ ውስጥ እንዲያድሩ ስለማይፈለግ ነው ከግንቡ ውጭ የተቀመጡት። በዚያ ዘመን ከግንቡ ውጭ ስለቀሩ ዛሬም ከቅርሱ ውጭ ይቅሩ ብንል ያንኑ ውሳኔ ሁለተኛ ጊዜ እንደመወሰን አይሆንብንምን?

ሕጉ ይህን አያስገድደንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በታሪካዊ፣ በሳይንሳዊ፣ በባህላዊና በጥበባዊ ዋጋው እንጂ በግንብ ውስጥ በመገኘቱ አይደለም፤ ማንኛውም የቅርስ ጥገናም በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲከናወን ያዛል። ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ እንዲመደቡ የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ክልላችን ራሱ ሊጠብቃቸው ለሚገቡ ቅርሶች ቦታ ሰጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91ም ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። እኔ በዚህ አንቀጽ መሠረት የራሴን ድርሻ እየተወጣሁ ነው።

አስቸኳይ ያደረገው ክረምቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቷን ለማደስ በቅንነት የተነሣ አንድ አካል፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ የውጭውን የኖራ ልስን አራግፎ በሲሚንቶ ለሰናት። በመጀመሪያው ዓመት አምራ ታየች። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ያም እርጥበት በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት፤ ውሃው ውስጥ ቀርቶ ጭቃውን አለሰለሰው፣ ጨው ወደ ውስጠኛው ገጽ ወጥቶ የቀረውን ኖራ አፈረፈረው፣ በሦስተኛው ክረምት ሲሚንቶው በሉህ በሉህ ሲወርድ የድንጋዩን ፊት ይዞ ወረደ። በሰሜን በኩል ያለው አሸንዳ ተቀድዷል፤ ከእሱ የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ገብቶ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቷል። ስንጥቁ ላይ በጂብሰም የለጠፍሁት ትንሽ መስታወት ባለፈው መስከረም ተሰብሮ አገኘሁት፤ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። በጁገል ውስጥ የኖራን ሥራ የሚያውቁ ግንበኞች ዛሬም አሉ። ኖራው ለሳምንታት በውሃ ጠጥቶ፣ በስሱ በስሱ ተደርቦ፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ መሠራት እንዳለበት ከማንም መሐንዲስ በላይ እነሱ ያስረዳሉ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ትክክለኛ ትእዛዝ ነው።

ሆስፒታሉ ሊስፋፋ ታቅዷል፤ ጸሎት ቤቷ ያለችበት ቦታም በአዲሱ ፕላን ላይ ባዶ ሆኖ ተሥሏል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን መስፋፋት ልቃወም አልችልም፤ ሠላሳ ዓመት ሕሙማን ወለል ላይ ተኝተው ያስታመምሁ ሰው ነኝ፤ ሕሙም ከድንጋይ ይቀድማል። ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የለብንም። ማንኛውም ሐኪም እንደሚያውቀው በሆስፒታሎቻችን ውስጥ የሞት ዜና የሚነገረው በኮሪደር ላይ ነው፤ እናት ልጇ ማረፉን የምትሰማው ፎጣ በያዙ ሰዎች መካከል ቆማ ነው፤ ለማልቀስ የሚሆን አንድ የተዘጋ በር የለንም። ጸሎት ቤቷ ተጠግና የማንኛውም እምነት ቤተሰብ ተቀምጦ ዜናውን የሚሰማበት፣ የሚያለቅስበትና የሚጸልይበት ጸጥ ያለ ክፍል ትሁን። ለዚህ ሥራ አዲስ ንድፍ አያስፈልግም፤ ሰፊው በር፣ ተዳፋቱ፣ መደገፊያው እንጨትና የውጭው መደብ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። በሌላ አገርም ተሠርቶበታል፦ በፈረንሳይ በቦን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1443 የተመሠረተው ሆስፒታል ሕሙማኑ ከአልጋቸው ሳይነሡ መንበሩን እንዲያዩ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ዘመናዊ ሕንጻ ሲዛወር አሮጌው ቤት ከነጸሎት ቤቱ ተጠብቆ ቀርቷል። የእኛዋ ሙዚየም እንድትሆን ግን አልመኝም። ትኬት ተቆርጦ የእናቴ ወንበር እንዲጎበኝ አልፈልግም፤ ይህ የእኔ የግል አስተያየት ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያስብ ካለ ለመስማት ፈቃደኛ ነኝ።

አንዳንድ ወዳጆቼ በመስጊዶቿ በምትታወቅ ከተማ ስለ አንዲት የካቶሊክ ጸሎት ቤት መጮህ ምን ይሉታል ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ሐዲዱን ይመቱ የነበሩት ሰው የልጅ ልጆች ዛሬም በሰፈሩ አሉ፤ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው «የአባታችን መደብ እንዳይፈርስ በልልን» ብለውኛል።

ስለዚህ ቢሮአችሁ ከመጪው ክረምት በፊት ባለሙያ ልኮ ቤቷን ከነመቃብሩ እንዲለካ፣ ፎቶግራፍ እንዲያነሣና በክልሉ የቅርስ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍራት፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም እንዳያፈርሳት ወይም በሲሚንቶ እንዳይነካት ለሆስፒታሉ አስተዳደር በደብዳቤ እንዲያሳውቅልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። አሸንዳውን ለመቀየር የሚያስፈልገውን ገንዘብ እኔና የሰፈሩ ሰዎች ለማዋጣት ተስማምተናል፤ የምንጠብቀው ፈቃድ ብቻ ነው። ከዚህም ጋር በግቢው ታክመው አሁን በሕይወት ያሉት አዛውንቶች ጥቂቶች ናቸውና፣ ድምፃቸው እንዲቀረጽ አንድ ሰው ይመደብልን። ከመካከላቸው አንዲት እናት ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የወንበሮቹን አቀማመጥ፣ ማን የት ይቀመጥ እንደነበረ ግን አንድም ሳይስቱ ይናገራሉ። እሳቸውን ለመጠየቅ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ቁስላቸው ይታጠባል።

ቁልፉን በዘይት አሽቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አኑሬዋለሁ፤ በሩም በእሱ ያለ ችግር ይከፈታል። ባለሙያችሁ የሚመጣበትን ቀን ብታሳውቁኝ በሩ ላይ ጠብቄ እከፍታለሁ፤ ቤቷ በመዝገብ በሰፈረች ቀን ደግሞ ቁልፉን በሕጋዊ ርክክብ ፈርሜ አስረክባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በጡረታ ላይ የምገኝ ነርስ፣ ሐረር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ፣ ሐረር